አሥራ አንድ ጊዜ መቶ

ባለፈው ሐሙስ ስልክ ተደወለልኝ። ድምፅዋን የማላውቃት ሴት ናት። የጋሽ ይስማው ልጅ መሆኗን፣ የምትደውለውም ከደብረ ማርቆስ መሆኑን ነገረችኝ። አባቷ አርፈዋል፤ ከተቀበሩ አሥራ ሁለት ቀናቸው ነው። ከደብተሮቻቸው በአንዱ ውስጥ የባለቤቴን ስምና የቤታችንን ስልክ አግኝታ ነበር። አቶ ገመቹን ያገናኙኝ ስትለኝ እሱም ካረፈ ስምንት ወሩ ነው አልኳት። ከዚያ ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አባቷ በመጨረሻው ሳምንት ተኝተው ዝንጀሮ ይቆጥሩ እንደነበር ነገረችኝ። አርባ፣ አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት ይሉና «ይቺ ሁለቴ አልፋለች» ብለው እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ። ሐኪሙ አእምሯቸው ስቷል ብሏታል። እውነት ስቶ እንደሆነ ልትጠይቀኝ ነው የደወለችው።

ሳቅሁ። ገመቹ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ልጅቱ እንዳትቀየመኝ ቶሎ ብዬ፣ አባትሽ አእምሯቸውን አልሳቱም፣ ሥራቸው ላይ ነበሩ አልኳት። ስልኩን እንደዘጋሁ ተነሥቼ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ለገመቹ ልነግረው ነበር። በሩን ከከፈትኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ።

የጋሽ ይስማውን ታሪክ በቤታችን የሚያወራው ገመቹ ነበር፤ የእኔ ሥራ ሲያጋንን ማረም ነው። አሁን የሚያጋንንልኝ ሰው ስለሌለ የምጽፈው እንደሆነው አድርጌ ነው። ዓይኔም እጄም ደክሟል፤ በቀን አንድ ገጽ ከሆነልኝ ይበቃኛል።

ጋሽ ይስማው ነቀምቴ የመጡት በደርግ ጊዜ ነው። እኔ የዱር አራዊት ጉዳይ በሚከታተል አንድ ትንሽ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ ገመቹ ደግሞ የዚያው ቤት ሾፌር። ከአዲስ አበባ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ይላክላችኋል ተባልን። ስታቲስቲክስ ምን እንደሆነ ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። ገመቹ የበሽታ ስም መስሎት «ይተላለፋል?» ብሎ ጠየቀ። የመጡት ረጅም፣ ቀጭን፣ ጃንጥላቸውን በበጋም ከእጃቸው የማይለዩ ጎጃሜ ናቸው። ባኬ ጃማ ሰፈር ካለው ግቢያችን አንዲት ክፍል አከራየናቸውና ጎረቤትም፣ የሥራ ባልደረባም ሆኑን።

ሰውየው ይቆጥራሉ። ከቤት እስከ ቢሮ ያለውን እርምጃ ይቆጥራሉ፤ በጭቃ ቀን በዝቶ ስለሚያገኙት ደግሞ የጭቃውን ለብቻ፣ የደረቁን ለብቻ ይመዘግባሉ። አነጋገራቸው ሁሉ አንዲት ጥያቄ ላይ ያርፋል፤ «ስንት ጊዜ?» ትላለች። ዘንድሮ በገበያ ቀን ሁልጊዜ ይዘንባል ካልሽ «ስንት ጊዜ?» ይሉሻል። የዚያ ሰው ልጅ ሰላም አይለኝም ካልሽም እንዲሁ።

አንድ ቀን ተናድጄ፣ ገመቹ አንድም ቀን ለምሳ በሰዓቱ መጥቶ አያውቅም አልኩ። እሳቸው ሰምተውኝ አለፉ። ወሩ ሲያልቅ በምሳ ሰዓት በራችንን አንኳኩተው ገቡና አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ገመቹ አሥራ ዘጠኝ ቀን በሰዓቱ መጥቷል፣ ስምንት ቀን ዘግይቷል። «እታለም፣ ለስምንት ቀን 'አንድም ቀን' የሚለው ቃል ይበዛበታል» አሉኝ። ገመቹ ወረቀቱን በሚስማር ግድግዳ ላይ መታውና ለዓመታት አላነሣውም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያነብበው ነበር። ያን ጊዜ እንዴት እንደበገንኩ! አሁን ወረቀቱን ብፈልገው አጣሁት።

ኦሮምኛ አያውቁም ነበር፤ የተማሩበት መንገድም እንደ ሌላው ሰው አይደለም። ሌላው እየተሳሳተ፣ እየተሳቀበት ያወራና ይለምዳል። እሳቸው ግን ከጉራጌው ጫማ ነጋዴ ባዶ የጫማ ካርቶን ለምነው አመጡ። ወረቀት በትንንሹ ቆራረጡ። በየጠዋቱ ገበያ ዳር ቆመው የሰሙትን ቃል ሁሉ በፊደል እየጻፉ እዚያ ካርቶን ውስጥ ይከቱታል። ያው ቃል እንደገና ሲሰማ ወረቀቱ ላይ አንድ ጭረት ይጨመርበታል። ከእሱ ቀጥሎ የትኛው ቃል እንደተሰማ ደግሞ በጀርባው ይጻፋል።

«የምማረው እኔ አይደለሁም፤ ሳጥኑ ነው» ይሉን ነበር። «እኔ አበላዋለሁ፣ እሱ ይማራል። ሲጠግብ ሰው ግማሹን ተናግሮ ሳይጨርስ ቀሪውን ይነግረኛል።» ወደፊት ይህን ሥራ ማሽን ይሠራዋል፣ ማሽን እንደ ሕፃን ብዙ ካሳዩት ይማራል ብለውም ያምኑ ነበር። ገመቹ ይህን ሲሰማ፣ የእኔዋ መኪና መጀመሪያ በጠዋት መነሣት ትማርልኝ አለ።

ሳጥኑ የመጀመሪያ ትምህርቱን ጨረሰ። «አካም» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ብዙ ጭረት ያለው «ቡልቴ» ሆነ። አካም ቡልቴ ማለት እንዴት አደርክ ማለት ነው። ጋሽ ይስማው ገበያ የሚሄዱት በጠዋት ብቻ ስለነበረ ሳጥኑ ሌላ ሰላምታ ሰምቶ አያውቅም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ጃንጥላቸውን ይዘው ከቢሮ ሲመለሱ፣ ያገኙትን ሁሉ እንዴት አደርክ እያሉ ይመጣሉ። የባኬ ጃማ ሰው ጨዋ ነው፤ «ነጋ» ብሎ፣ ደኅና ነኝ ብሎ ይመልስላቸዋል። አንዲት ጎረቤቴ ብቻ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ ተከራያችሁ ሌሊት ዘበኛ ነው እንዴ ብላ ጠየቀችኝ።

ይህን ስነግራቸው ያፍራሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ደስ አላቸው። ጥፋቱ የሳጥኑ ሳይሆን የምግቡ ነው አሉ። ከዚያ በኋላ ከሰዓትም መሄድ ጀመሩ፤ የከብት ገበያውንም ጨመሩበት። ከከብት ገበያ የለቀሙት በአብዛኛው ቁጥር ነው፤ ሰው በሬ ሲገዛና ሲሸጥ የሚጠራው ቁጥር ነዋ። «ዲባ» የሚለው ወረቀት በጭረት ጠቆረ። ዲባ በኦሮምኛ መቶ ነው።

እንግዲህ ነገሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በዚያ ዓመት ኑኑ ቁምባ ወረዳ ውስጥ ዝንጀሮ በቆሎውን አስቸግሮ ነበር። ጓድ ኃላፊያችን ዝንጀሮው ተቆጥሮ ይቅረብ ብለው አዘዙ። ስማቸውን አልጽፍም፣ ልጆቻቸው አሉ፤ ክፉ ሰውም አልነበሩም። ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጡ፣ ኦሮምኛ የማይሰሙ፣ ከላይ የመጣን ነገር ወደ ታች ከማውረድ በቀር ሌላ ሥራ ያለ የማይመስላቸው ሰው ናቸው። ጋሽ ይስማው ለቆጠራው ሦስት ወር ጠየቁ። ዘጠኝ ቀን ተፈቀደላቸው። በዘጠኝ ቀን አሥራ አንድ ገበሬ ማኅበር ዞሮ ዝንጀሮ መቁጠር ስለማይቻል ገበሬውን ለመጠየቅ ወሰኑ።

ገመቹ በእናቱ ቋንቋ ሊያስተረጉምላቸው ፈቃደኛ ነበር። አይሆንም አሉት። አስተርጓሚ የራሱን ሐሳብ ይቀላቅላል፤ ሳጥኑ ይበቃኛል አሉ። ገመቹ ተቀየመ። በየደረሱበት በመኪናዋ ጥላ ውስጥ ጋደም ብሎ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ይደፋ ነበር። ባይቀየም ኖሮ ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር።

ጋሽ ይስማው በየማኅበሩ ሊቀመንበሩን ይጠይቃሉ፤ ዝንጀሮ ስንት አለ? በኦሮምኛ ነው፣ አሳምረው ነው የጠየቁት። ገበሬው ግን የመንግሥት ሰው በቋንቋው ሲያናግረው አይቶ ሆዱን ይከፍትለታል። የትኛው ማሳ እንደጠፋ፣ የትኛዋ ሴት በዝንጀሮ እንደተደበደበች፣ ሁሉንም ይዘረግፋል። ጋሽ ይስማው ከዚያ ሁሉ የሚይዙት የመጨረሻዋን ቃል ነው። አንዱም «ዲባ» አለ። ሁለተኛውም «ዲባ» አለ። አሥራ አንዱም አሉ። እሳቸውም የሰሙትን ቃል በፊደል እየጻፉ ተመለሱ።

ከመኪናው ሲወርዱ ፊታቸው በርቶ ነበር። በማግስቱ ሠንጠረዡን እንድተይበው ሰጡኝ። አሥራ አንድ ማኅበር፣ አሥራ አንድ ጊዜ መቶ። የጽሕፈት መኪናዬ ቁልፎች ላይ እጄ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠልኩ። እሳቸው ከጎኔ ቆመው ያብራሩልኛል። አንድ ጫካ ሊያበላ የሚችለው መቶ ዝንጀሮ ብቻ ነው፤ ትርፉ ወደሚቀጥለው ጫካ ይሄዳል። «ተፈጥሮ ራሷ ኮታ አላት፣ እታለም» አሉ። ይህችን ዓረፍተ ነገር በሪፖርቱ መጨረሻ አስገቧት። ጓድ ኃላፊው በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አሰመሩባት፤ በስብሰባም አነበቧት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ትእዛዝ ወጣ። መቶ ዝንጀሮ ካለ መቶ ጅራት ይኖራል። እያንዳንዱ ማኅበር በአንድ ወር ውስጥ መቶ ጅራት ያስረክባል። ያጎደለ ሊቀመንበር እንደ አሻጥረኛ ይቆጠራል። ያን ጊዜ ይህች ቃል ምን ማለት እንደሆነች ማንም ማብራሪያ አያስፈልገውም ነበር። ለእሷ ተብሎ የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ አይጠየቅም።

ጅራት ተረካቢ ሆኜ የተመደብኩት እኔ ነኝ። በአንድ ጎኔ የጽሕፈት መኪና፣ በሌላው ጎኔ የጅራት ጆንያ፣ አፍንጫዬ ላይ መሐረብ። በመጀመሪያው ሳምንት የመጣው እውነተኛ የዝንጀሮ ጅራት ነው። በሁለተኛው የውሻ ጅራት ሁለት አየሁ፤ ዝም ብዬ መዘገብኩ። አንዱ ሰውዬ ደግሞ የጥጃ ጅራት ይዞ መጣ። ይህ የምን ነው ስለው፣ ከከብት ጋር ብዙ ዘመን የኖረ ሽማግሌ ዝንጀሮ ነው ብሎ ማለልኝ። እሱንም መዘገብኩ።

በአራተኛው ሳምንት አንድ ገበሬ ጆንያውን ሲዘረግፍ ረጅም፣ ጫፉ እንደ ብሩሽ ነጭ የሆነ ጅራት ወጣ። የጉሬዛ ነው። ጉሬዛ በቆሎ አይነካም፤ ከዛፍ ጫፍ ቅጠል እየበላ የሚኖር ነው። ጋሽ ይስማው በየእሑዱ ጫካ ሄደው ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሲያዩት የሚውሉት እሱን ነበር። ካባ የለበሰ ቄስ ይመስላል ይሉ ነበር። በዚያ ሰዓት ካርቦን ወረቀት ሊጠይቁኝ ገቡና ጅራቱን አዩት። ከጎኔ ያለው የጅራት ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ገበሬውን ለምን ገደልከው አሉት። ሰውየው አፈረ። ዝንጀሮው አለቀ፣ መቶ ከየት ይምጣ አለ። መቶ ነበራችሁ እኮ ቢሉት አተኩሮ አያቸውና ባዶ ጆንያውን አጣጥፎ ሄደ።

በማግስቱ ኦቦ ዋቅጅራ መጡ። ከእነዚያ ማኅበራት የአንዱ ሊቀመንበር ናቸው፤ ጢማቸው የሸበተ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው። ሰላምታውን ሳያቻኩሉ ጨረሱ፤ ስለ ልጆቼ ጤና፣ ስለ ከብት ጠየቁኝ፣ ከብት ባይኖረኝም። ከዚያ «ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እኔ ጋ መቶ ዝንጀሮ ያየው ሰው ማነው? እኔ እዚያው ተወልጄ እዚያው ሳረጅ ግማሹን አላየሁም። የቀሩት የት እንደሚያድሩ ልጠይቀው ነው።»

ጋሽ ይስማው ጋ ወሰድኳቸው። እሳቸው አልደነገጡም፤ ደብተራቸውን አወጡና ራስዎ ነዎት የነገሩኝ፣ ይኸው ጽፌዋለሁ አሉ። ለእኔ ሰጡኝ። «ዲባ» ይላል። ኦቦ ዋቅጅራ የዚያን ዕለት ያሉትን ሙሉውን እንዲደግሙልኝ ጠየቅኋቸው። ደገሙልኝ። የመጨረሻዎቹ ቃላት «ኑ ዲባ» ነበሩ።

ለማያውቅ ላስረዳ። ዲባ፣ ባ ጠብቃ ስትነገር መቶ ነው። ላልታ ስትነገር ያስቸግራል ማለት ነው። ኑ ዲባ፣ ያስቸግረናል። ፊደላችን ደግሞ የጠበቀውንና የላላውን አንድ አድርጎ ነው የሚጽፈው። ስንት ናቸው ተብለው ሲጠየቁ ማንም ዝንጀሮ ቆጥሮ አያውቅምና አሥራ አንዱም ሊቀመናብርት ያስቸግረናል ብለው መለሱ። የከብት ገበያ ያሳደገው ሳጥን ደግሞ ያለ መቶ ሌላ ዲባ አያውቅም።

ደብተሩን አንዴ አጥብቄ፣ አንዴ አላልቼ አነበብኩላቸው። ጋሽ ይስማው ሦስተኛ እንዳነብ አልጠየቁም። «አሥራ አንድ ቦታ እኩል ሲመጣ መጠርጠር ነበረብኝ። ዝንጀሮ ተማክሮ አይኖርም» አሉ። ይህን ለኦቦ ዋቅጅራ ስተረጉምላቸው ሽማግሌው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ጅራት ያጎደሉት የሚያዙት ግን በቅዳሜው ስብሰባ ነበር፤ ከመቶው እሳቸው ያስረከቡት ሦስት ነው።

የዚያን ዕለት ምሳ ላይ ሦስታችን መከርን። እኔ በሽታ ገብቶ ጨረሳቸው እንበል አልኩ። ገመቹ ደግሞ ወደ ጎረቤት ወረዳ ተሰደዱ እንበል፣ ማን ሄዶ ያያል አለ። ጋሽ ይስማው እንጀራቸውን ትተው፣ እዚያ ያሉት ገበሬዎች መቶ ጅራት ሲጠየቁስ አሉን። የቀረን እውነቱ ብቻ ነበር። ለመንግሥት የሐሰት ቁጥር ሰጥቻለሁ ብሎ በአደባባይ መናገር ሰውን የት እንደሚያደርስ ግን ሦስታችንም እናውቅ ነበር። ገመቹ እየተቆጣ፣ የእርስዎ ስም ይስማው፣ ጆሮዎ ግን አይሰማ አላቸው። ትክክል ነህ አሉት።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። አሥራ አንዱ ሊቀመናብርት ከፊት ተቀምጠዋል፣ በሩ ላይ ሁለት ታጣቂ ቆሟል። እኔ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ጓድ ኃላፊው ያጎደሉትን ስም ከወረቀት መጥራት ሲጀምሩ ጋሽ ይስማው እጃቸውን አወጡ።

«ግለ ሂስ አለኝ» አሉ።

ግለ ሂስ አይከለከልም። ወደ ጥቁር ሰሌዳው ሄዱና በትልቁ «ገበሬው አለ» ብለው ጻፉ። ከዚያ ጓድ ኃላፊውን ያንብቡልኝ አሏቸው። ኃላፊው ግራ ቢገባቸውም አነበቡ፤ ለ ላልታ።

«ምን አለ?» አሉ ጋሽ ይስማው።

«ምን አለ?»

«ገበሬው ተናገረ ብለው አነበቡልኝ እኮ። ምን ብሎ ተናገረ?»

«እኔ እንዴት አውቄ? አንተ ነህ የጻፍከው!»

«እኔ ተናገረ አላልኩም። ገበሬው በሕይወት አለ፣ እዚህ አለ ነው ያልኩት፤ ጠብቆ ነው የሚነበበው። ጓድ ኃላፊ፣ የገዛ ቋንቋችን ነው፤ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ ተሳሳቱ። እኔ ደግሞ በሰው ቋንቋ አሥራ አንድ ጊዜ ተሳሳትኩ።»

ከዚያ ዲባን ጻፉና አስረዱ። አዳራሹ ውስጥ ኦሮምኛ የሚሰማው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ፤ ሳቁን ለመደበቅ ነው። ከኋላ ግን አንድ ሰው አመለጠው። ሳቁን ሳልዞር አወቅሁት፤ ገመቹ ነው። ጓድ ኃላፊው ሰሌዳውን አዩ፣ ከንፈራቸው ሳይሰማ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ፤ አንዴ አላልተው፣ አንዴ አጥብቀው ሲሞክሩት ነው።

«ታዲያ ፊደሉን ነው የምትከሰው?» አሉ በመጨረሻ።

«የለም። ፊደሉ ሥራውን ሠርቷል። የምከሰው ያልጠየቀውን ነው።»

ኃላፊው የዝንጀሮ ነገር ሲሰለቻቸው እንደሚያደርጉት ሰዓታቸውን አዩና፣ ለሦስት ሳምንት ድጋሚ ቆጠራ ፈቀዱ። ቆጣሪዎቹ ጋሽ ይስማውና ኦቦ ዋቅጅራ ይሆናሉ፤ የኦቦ ዋቅጅራ ማኅበር መቶ ሊኖረው ይችል እንደሆነ ይታይ፤ ሁለተኛው ቁጥር ውሸት ሆኖ ከተገኘ ሁለቱም ይጠየቁበታል አሉ። የጅራቱ ትእዛዝ እስከዚያ ይቆይ ተባለ።

በዚህ ጊዜ ጋሽ ይስማው ሳጥኑን ቤት ትተው፣ ገመቹን በአስተርጓሚነት ይዘው ሄዱ። የሚቀጥለውን የነገረኝ ገመቹ ስለሆነ ቀነስ አድርጌ ነው የምጽፈው። ዝንጀሮ የሚያድርበት ገደል አለ፤ ጎህ ሲቀድ በአንዲት ቀጭን መንገድ ተራ በተራ ይወርዳል። ኦቦ ዋቅጅራ ያንን አሳዩዋቸው። አንዷ ባለፈች ቁጥር አንድ የበቆሎ ፍሬ ቅል ውስጥ ይጨምራሉ። በመጀመሪያው ጠዋት ሲጨርሱ ቅሉን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ደብተር እስኪያወጡ፣ አንድ ጎረምሳ ዝንጀሮ መጥቶ ቅሉን ይዞ ወጣ፤ ዛፍ ላይ ተቀምጦ ቆጠራውን በላው። ጋሽ ይስማው ከሥር ቆመው «ስንት ነበር?» ብለው ጠየቁት ይላል ገመቹ። እዚህ ላይ ያጋነነ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ የቆጠሩት በጠጠር ነው።

አሥራ ስድስት ጠዋት ቆጠሩ። ቁጥሩ በየቀኑ ትንሽ ይለያያል። ሲመለሱ የተየብኩት ሪፖርት «ከአርባ እስከ አርባ ስድስት» ይላል። ጓድ ኃላፊው ለአብዮቱ አንድ ቁጥር ነው የሚያስፈልገው፣ ቁረጥ አሏቸው። ጋሽ ይስማው ዝንጀሮዎቹ በአንድ ቀን ሁሉም አይወጡልኝም፣ የማላውቀውን አልቆርጥም አሉ። በዚህ ጊዜ ኦቦ ዋቅጅራ በገመቹ በኩል ተናገሩ፤ ብዙ የመንግሥት ሰው መጥቶ ጠይቆኛል፣ ተሳስቼ ነበር ብሎ የተመለሰ ግን ይኸኛው ብቻ ነው፣ የእሱ ቁጥር እኔንም ይግዛኝ አሉ። ኃላፊው ተነፈሱና ፈረሙ። የጅራቱ ትእዛዝ በአሥራ አንዱም ማኅበር ላይ ተሰረዘ፤ ጉሬዛ አይነካም የምትል አንዲት መስመርም ታከለችበት። ኦቦ ዋቅጅራ የዚያኑ ዕለት ቤታቸው ገቡ።

ለጋሽ ይስማው የቀረላቸው ዝውውር ነው፤ እሩቅ ወደሆነ ሌላ ክፍለ ሀገር። ደብዳቤውን የተየብኩት እኔ ነኝ። «በተፈጠረው ስህተት ምክንያት» ይላል፤ የቢሮ አጻጻፍ ነው። ከትከሻዬ በላይ አንብበው አስቆሙኝ። ስህተት ብቻውን አይፈጠርም፣ «በሠሩት ስህተት» በይው አሉኝ። ኃላፊው ሳያዩ ለወጥኩት።

የሚሄዱ ቀን ገመቹና እኔ አውቶቡስ ተራ ሸኘናቸው። ገመቹ ሻንጣቸውን ጣራው ላይ ሲያስጭን ሁለታችን ብቻችንን ቀረን። ለባሌም ያልነገርኩትን ያን ጊዜ ነገርኳቸው። መቶውን ስተይብ ልክ እንዳልሆነ ጠርጥሬ ነበር አልኩ። ቋንቋው የእናቴ ነው፤ ደብተሩን ያሳዩኝ ብል በዚያው ቀን ያልቅ ነበር። ያን ጊዜ ግን የተማረን ሰው፣ የመንግሥትን ቁጥር መጠየቅ ፈራሁ። እንባዬ መጣ።

ጋሽ ይስማው ሊያጽናኑኝ አልሞከሩም። ከኪሳቸው ደብተራቸውን አወጡ።

«በስንተኛው መቶ ላይ ነው የጠረጠርሽው?»

አሰብኩ። «በአራተኛው።»

ጻፉት። እውነቴን ነው፣ ቀኑን ጭምር ጻፉት። ከዚያ «ብትጠይቂኝ ኖሮ እቆጣሽ ነበር፣ እታለም» አሉኝ። «ተቆጥቼ ስጨርስ ግን ደብተሩን እገልጥ ነበር።» ጃንጥላቸውን አንሥተው ገቡ፤ አውቶቡሱም ሄደ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ሰው ተቆጥቶኛል።